እትዬ ፏ እና የጀሪካኑ እጣቢ

ሰው በቆሻሻነቱ ከሥራ ሲባረር፣ ከወዳጅ ሲራራቅ፣ ከትዳሩ ሲጣላ አይተናል። በንጽሕናው ብዛት ፈተና የወደቀ ሰው ግን ከእትዬ ፏ በፊት አልታየም፤ ከሷ በኋላም የሚታይ አይመስልም።

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏና የደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሥሪያ ቤቱም ሰፈሩም እትዬ ፏ ነው የሚላት። የነካችው ነገር ሁሉ ፏ ይላል! ደጃፏ ላይ ያለው ድንጋይ እንኳ በሳምንት በሳምንት ይታጠባል። ከሱቅ የመጣ አዲስ ብርጭቆ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ታጥቦ ነው መደርደሪያ ላይ የሚወጣው። ባሏ የመኪና መካኒክ ነው፤ እግዜር ሲያጣምር ያውቅበታል። ከሥራ ሲመጣ ጓሮ ቆሞ ልብሱን ይቀይራል፣ እጁን እስከ ክርኑ ፈትጎ ይታጠባል፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ «ፈተናውን አለፍኩ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ጎረቤት ሚስትህ ምን ሥራ ነው የምትሠራው ቢለው፣ «ውሃ ታጥባለች» ብሎ መለሰለት አሉ።

ቀልድ ነው እንጂ እሷስ ውሃ መርማሪ ናት። ከከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ጀርባ፣ ድሮ የፓምፕ መለዋወጫ ይከማችባቸው የነበሩ ሁለት ክፍሎች አሉ። አሁን ላብራቶሪ ሆነዋል። አንደኛው ረጅም ነጭ ጠረጴዛ፣ ሰፊ የብረት ማጠቢያና ውሃ እያሽከረከረ ደለሉን ወደ ታች የሚያዘቅጥ ማሽን አለው። ሁለተኛው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኖ መሀሉ ላይ ማይክሮስኮፑ ብቻውን እንደ ጌታ ተቀምጦበታል። ከሷ ጋር የሚሠሩት ጋሼ ንስር የሚባሉ፣ ጡረታ አፋፍ ላይ የደረሱ ሰው ናቸው። ንስር የተባሉት ዓይናቸው ስለታም ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር ስላደረጉ ነው። ሰው ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው የሚያወጣው። ደግነቱ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲቀመጡ ስሙ እውነት ይሆናል፤ ሌላው ሰው ጭቃ በሚያይበት እሳቸው ዘር ማንዘሩን ይለያሉ።

ከተማው የሚጠጣው ከኮረብታው ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ነው። በበጋ ኩልል ያለ ውሃ ነው፤ ቢጠጡት የማይጠገብ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ግን ከላይ ከግጦሹ የሚወርደው ጎርፍ የከብቱንም የሰውንም ነገር ጠራርጎ ይመጣና ወደ ምንጩ ይሰርጋል። ጃርዲያ የሚባለው ሆድ የሚያውክ ተውሳክ የሚገባው ያኔ ነው። ከሱ የባሰም አለ፤ ስሙ ስለሚረዝም ጋሼ ንስር «ባለ ረጅሙ ስም» የሚሉት፣ ክሎሪን ቢጨምሩበት ንቅንቅ የማይል። ሕዝቡ ውሃው ክሎሪን ክሎሪን ካለው ደህና ነው ብሎ ያምናል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው የተባለው ለዋና ብቻ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ከባለፈው በፊት በነበረው ክረምት ነው። እትዬ ፏ ከምንጩ ያስቀዳችውን ውሃ ስትመረምር ጃርዲያውን አየችው። አንድ ሁለት ቢሆን ዝም ትል ነበር፤ ሞልቷል። ጋሼ ንስርም አዩት። ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጠች፤ ምንጩ ዛሬውኑ ይዘጋ፣ ሰው ውሃ አፍልቶ ይጠጣ ብላ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ የሚፈራ ሰው ነው እንጂ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት» አለችው።

«የአንቺ ዓይን አልተፈቀደለትማ» አላት።

እውነቱን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ምንጭ የሚዘጋው ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ላብራቶሪ ተውሳክ አለበት ሲል ብቻ ነው። የእነሱ ላብራቶሪ ጨዋማነቱንና ድፍርስነቱን ለመመርመር እንጂ ለተውሳክ አልተፈቀደለትም። እናም ውሃው በመኪና ተጭኖ ወደ ዋናው ከተማ ተላከ። እዚያ ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ውሃ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። መልሱ ሲመጣ «ጃርዲያ ተገኝቷል፣ ምንጩ ይዘጋ» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እስከዚያ ድረስ ጤና ጣቢያው በሕፃናት ተጨናንቆ፣ እናቶች ኮሪደር ላይ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

ከነዚያ እናቶች አንዷ እትዬ ፏ ነበረች። ቤቷ ያልፈላ ውሃ ጠብ አይልም፤ ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት ተጠምታ ከቧንቧ ጠጥታለች። ተማሪ መቼ ውሃ አፍልቶ ይጠጣል? ልጅቷ ጉንጯ ሟሽሾ፣ ጉልበቷ ከድቷት ተኝታ ሳለ፣ እናትዬዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አይቼው ነበር እኮ» ትላለች። ባሏ ሊያጽናናት ቢሞክር ያንኑ ትደግማለች፤ አይቼው ነበር እኮ። አይቶ ዝም ከማለት አይቶ የማይሰሙት መሆን ይብሳል። ልጅቷ በቆመች ማግስት ለኃላፊው ሄዳ ላብራቶሪውን እናስፈቅድ አለችው፤ እምቢ ቢላት የሚፈጠረውን ፊቷ ላይ ስላነበበው እሺ አለ።

እዚህ ላይ የፈቃዱ ነገር እንዴት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ላብራቶሪ ነኝ ያለ ሁሉ ላብራቶሪ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሞቱ፣ ሰው የማይጎዱ ተውሳኮችን ቆጥሮ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይጨምርና በጀሪካን አሽጎ ይልካል። ስንት እንደጨመረ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። አንዳንዱ ውስጥ ጭራሹን ምንም አይጨምርም፤ ባዶውን ባዶ ነው ለማለት ወኔው አላቸው ወይ ብሎ ለማየት። የላብራቶሪው ሥራ ያንን ሁሉ ውሃ በማጣሪያ ማሳለፍ፣ ማጣሪያው የያዘውን አራግፎ ማሽከርከር፣ የዘቀጠውን ቀለም አስይዞ በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። ቀለሙ የያዘው ተውሳክ በጨለማው ውስጥ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ያገኛችሁት ቁጥር እነሱ ከጨመሩት ብዙ ካነሰ፣ ወደቃችሁ።

እነ እትዬ ፏ ወደቁ።

መውደቅ አለ፣ መውደቅ አለ። ለትንሽ ቢስታቸው አንድ ነገር ነው፤ እነሱ ግን ከተጨመረው ውስጥ ያገኙት ለአፍ የማይሞላ ጥቂት ነበር። የዋናው ከተማ ሰዎች በስልክ «የቀሩት ወዴት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። ያን ቀን ኃላፊው ቁርጡን ነገራት። የቀረው አንድ ዕድል ነው። ከወደቃችሁ ማይክሮስኮፑ ፈቃድ ሊያገኝ ወደሚችል ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ክፍሎቹም ወደ መጋዘንነታቸው ይመለሳሉ፣ ውሃውም እንደ ድሮው ወረፋ ለመጠበቅ ይጓዛል። እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነው። የሚመጣው ክረምት ሲመጣ እንደገና አይታ፣ እንደገና ሮጣ፣ እንደገና የአንቺ ዓይን አልተፈቀደለትም ልትባል ነው።

ፍለጋ ተጀመረ። ማጣሪያው ቀዳዳ ይኖረው ይሆን ተብሎ ተቀየረ፤ ያው ነው። ማሽኑ ደክሞ ይሆን ተብሎ ባሏ ከነመፍቻው መጣ፣ ፈታታው፣ ገጠመው፤ «ከእኔም ከአንቺም ጤነኛ ነው» ብሎ ሄደ። ደግሞ እሱ የነካካውን ለማጽዳት ግማሽ ቀን ፈጀባት። ቀለሙ ጊዜው አልፎ ይሆን ተባለ፤ አዲስ መጣ፤ አሁንም ያው። ለልምምድ ብለው ራሳቸው ተውሳክ ጨምረው ራሳቸው ሲፈልጉት አብዛኛው ይጠፋል። የገባበት አይታወቅም።

ሁሉ ተመርምሮ የቀረው የጋሼ ንስር ዓይን ነው። እትዬ ፏ በአፏ አላለችውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ እንዴት ይባላል? ግን እሳቸው ቆጥረው ከተነሱ በኋላ ቀስ ብላ ገብታ እንደገና መቁጠር ጀመረች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ጋሼ ንስርም አልጠፋቸውም። ሄደው መነጽር አስቀየሩ። አዲሱ ከድሮው የባሰ ወፍራም ሆነና ዓይናቸው ድንች አከለ። ቁጥሩ ግን ከፍ አላለም። አንድ ቀን ጋውናቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ከሆነ ሳትደብቂ ንገሪኝ፤ ቦታውን እለቃለሁ። በእኔ ምክንያት ሰው መጥፎ ውሃ እንዲጠጣ አልፈልግም» አሏት። እትዬ ፏ መሬት ብትሰነጠቅ በገባች። የሷም ቆጠራ ከሳቸው አንድ እንኳ አይበልጥም ነበር፤ ይሄንን ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ስትፈትሻቸው መክረሟን መናገር ስለሚሆንባት መልሳ ዘጋችው። ጋውኑን ብቻ አንስታ መልሳ ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ሳል ይዟት ስለነበር ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ሽሮፕ ትሰጣታለች። ያ ወፍራሙ፣ እንደ ማር የሚዝለገለገው ነው። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ ዋጠችው። እትዬ ፏ የመድኃኒቱን ክዳን ስታየው ዙሪያው ቀይ ነው፤ ግማሹ እዚያው ተጣብቆ ቀርቷል። ጠብታ ውሃ ጨመረችበት፣ አሽከረከረችውና «ይቺንም ጠጪ፣ መድኃኒቱ ያለው እዚህ ላይ ነው» አለቻት። ልጅቷ እየተነጫነጨች ጠጣች። እናት የሆነች ሁሉ የምታደርገው ነው፤ አስባ አይደለም ያደረገችው። ከዚያ ክዳኑን ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ እንደከፈተችውም ደርቃ ቀረች።

ባሏ ጫማውን እያሰረ ምን ሆነሽ ቢላት አትሰማም። ውሃው ይፈሳል፣ እሷ ቆማለች። ውሃ ስታባክን አይቷት ስለማያውቅ ደነገጠ።

«አጥቤያቸዋለሁ» አለችው።

«ማንን?»

«ሁሉንም። በገዛ እጄ።»

ሚስቴ ሰው ገደለች ብሎ እንዳሰበ ኋላ ላይ ለጓደኞቹ ሲያወራ ነበር።

ጉዱ እንዲህ ነው። የላብራቶሪ ውሃ የሚመጣው በትልቅ ጀሪካን ነው። እትዬ ፏ ውሃውን ማጣሪያው ላይ ትገለብጥና ጀሪካኑ ባዶ በሆነ ቅጽበት እጇ ሳይታዘዝ ቧንቧው ጋ ይደርሳል። በሳሙና ፈግፍጋ፣ ለቅልቃ፣ ደፍታ ታደርቀዋለች። ማጣሪያው የሚገጠምበትን ዕቃ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን ቱቦ፣ ሁሉንም እንደዚያው። እነዚያ ተውሳኮች ደግሞ እንደ ሽሮፑ የዕቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ውሃው ሲወርድ አብረው አይወርዱም። ስለዚህ የሚፈለጉት ማጣሪያው ላይ ሳይሆኑ ጀሪካኑ ውስጥ ቀርተው፣ እሷ እየፈተገች ወደ ቦይ ስትልካቸው ከርማለች።

ደግሞ መመሪያው ላይ የለም እንዳይባል፣ አለ። ጀሪካኑን ለቅልቃችሁ እጣቢውን እዚያው ማጣሪያ ላይ ጨምሩ ይላል። አንብባዋለች። ግን እጣቢ ይደፋል እንጂ ማን መልሶ ይጨምረዋል? ለሷ ያ ሳህን ያጠቡበትን ውሃ ድስት ውስጥ እንደመመለስ ነው። ይሄ ነገር ዕቃቸውን በቅጡ ለማያጥቡ ዝርክርኮች የተጻፈ ነው ብላ አልፋዋለች። አይ እትዬ ፏ!

ላብራቶሪ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ጋሼ ንስርን ምንም ሳትነግራቸው የልምምድ ተውሳክ ጀሪካን ውስጥ ጨመረች፣ ውሃውን እንደ ወትሮው አጣራች። ባዶው ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ሲጠብቃት እጇን ይበላት ጀመር። እንደምንም ጨከነች። ትንሽ ሳሙና ያለበት ውሃ ጨመረችበት፣ ከዳር እስከ ዳር አንቀጨቀጨችው፣ እጣቢውን ሳትደፋ ለብቻው አጣራች፣ አሽከረከረች፣ ቀለም አስያዘች። ከዚያ ዝቃጩ የተቀባበትን መስታወት ወደ ጨለማው ክፍል ይዛ ገብታ ማይክሮስኮፑ ላይ አኖረችና ራሷ አላየችም። ጋሼ ንስርን ጠርታ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይዩ አለቻቸው።

ጋሼ ንስር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ። ቁልፉን ወዲህ አዞሩ፣ ወዲያ አዞሩ። እሷ መጋረጃውን ጨምድዳ ይዛለች።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «ሰርግ ላይ ናቸው።»

እትዬ ፏ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደና እንደገና ወደ ሳቅ ተመለሰ። እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች፤ ጋውን ላይ እንባ መጥረግ ለሷ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ስጠራጠር ከርሜያለሁ» አለቻቸው። «እርስዎ ከተነሱ በኋላ እየገባሁ እቆጥር ነበር። ጥፋቱ ግን የእጄ ነው።»

«ማወቁንስ አውቄአለሁ» አሉ ጋሼ ንስር። «እጅሽንም አትርገሚው። ማጠቡ ክፋት የለውም፤ ሰዓቱን ብቻ አስተምሪው።»

እጅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይማርም። በነጋታው በልምምድ ላይ ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን እጇ ሮጦ ቧንቧው ላይ ተገኘ። በሌላው ቀንም። አመል ያወጣል ከመሀል ይሉ የለ? በመጨረሻ አንድ ብልሃት ተገኘ። ጋሼ ንስር ወንበራቸውን ማጠቢያው ፊት ለፊት አድርገው፣ ጀርባቸውን ለቧንቧው ሰጥተው ይቀመጣሉ። እትዬ ፏ ወደ ማጠቢያው ስትሮጥ የምታገኘው የሳቸውን ጉልበት ነው። በጉልበታቸው እየተደናቀፈች እየተደናቀፈች እጇ ለመደ። የልምምዱ ቁጥርም ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ።

የመጨረሻው ፈተና ሲመጣ ጀሪካኖቹ ብቻቸውን አልመጡም። የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ገምጋሚ አብረው መጡ፤ ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል ነገር ቤት ያልሠራበት ሴት። ደርሰው ጋውን ለብሰው ጥግ ላይ ቆሙ፣ ሥራችሁን ሥሩ አሉ፣ ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚናገረው። ኃላፊው በር ላይ መጥቶ አንድ ሁለት ጊዜ አንገቱን አስግጎ ተመለሰ።

እትዬ ፏ የመጀመሪያውን ጀሪካን አጣራች። ባዶ ሆነ። እጇ አልሮጠም። ውሃ ጨመረችበት፣ አንቀጨቀጨች፣ እጣቢውን ማጣሪያው ላይ ጨመረች። አንዴ ደገመችው። ገምጋሚዋ ይሄን ሁሉ ሲያዩ ቆዩና ከቆሙበት ወደ ማጠቢያው አገጫቸውን አሳዩ።

«እኚህ አባት ለምንድን ነው እዚህ የተቀመጡት?»

ጋሼ ንስር ሊነሱ ሲሉ እትዬ ፏ እንዳይነሱ በእጇ አገደቻቸው። ሰበብ ልትፈጥር ትችል ነበር። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ነው ብትል ማን ያውቃል?

«እኔን ሊጠብቁኝ ነው» አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ባለፈው ለምን እንደወደቁ፣ የወደቁት በማን እጅ እንደሆነ፣ መመሪያውን አንብባ ለምን እንደዘለለችው፣ ሽሮፑንም ሳይቀር። ስትናገር ፊቷ ጋለ። ያ ሳቅ ቤት ያልሠራበት የገምጋሚዋ ፊት ላይ፣ ከከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ጋሼ ንስር አይተዋል። ንስር መባላቸው ለምን ሆነና!

ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ጀሪካን ነበር። ከሱ የወጣውን መስታወት ጋሼ ንስር ከዳር እስከ ዳር አስሰው ምንም አጡበት። እትዬ ፏም ገብታ አሰሰች፤ ምንም። ጋሼ ንስር እንደገና ገብተው አዩ፤ አንድ አረንጓዴ የሚያበራ ነገር አለ፣ ግን የአበባ ብናኝ ነው፣ ቅርጹም ውስጡም ተውሳክ አይደለም። ደግሞ በር ላይ ብቅ ያለው ኃላፊ ጠጋ ብሎ፣ ባለፈው የወደቃችሁት ቁጥሩ በማነሱ ነው፤ ያበራውን ለምን አትቆጥሩትም፣ ከመቅረት ይሻላል አላት በሹክሹክታ። ፈራች። መፍራትስ ፈራች። ባዶ ብላ ባዶ ባይሆንስ? ዳሩ ግን ከአንዱ ጀሪካን ወደ ሌላው ስትሸጋገር፣ እጣቢው ከተወሰደ በኋላ ማለት ነው፣ ዕቃውን ሁሉ ፈግፍጋ ፏ ያደረገችው ራሷ ናት። ከፊተኛው ወደ ኋለኛው አንዲት ቅንጣት አልተሻገረችም። ያቺን ያህል እጇን ታምነዋለች። «የለም» ብላ ፈረመች።

ስልኩ የተደወለው እትዬ ፏ መስኮት እያጸዳች ሳለ ነው። ያነሳው ኃላፊው ነበር፤ ሰምቶ ሲጨርስ ደንብ የሚፈራው ያ ሰውዬ ደረጃውን ዘልሎ ወርዶ ግቢውን በሩጫ አቋረጠ። በተጨመረባቸው ጀሪካኖች ውስጥ ከሚፈለገው በላይ አግኝተዋል። ሦስተኛው ባዶ ነበር፤ እንዲያውም ከብዙ ላብራቶሪዎች መካከል ባዶውን ባዶ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ላብራቶሪው የመጠጥ ውሃ ምንጮችን ለተውሳክ እንዲመረምር ተፈቅዶለታል። ጋሼ ንስር ተነስተው እትዬ ፏን ግንባሯን ሳሟት፤ መነጽራቸው በጉንጫቸው ላይ ተንሻፈፈ። ከጓሮ የፓምፕ ሠራተኞቹ እየተሯሯጡ መጥተው እልል አሉ፤ ምኑ እንደሆነ ያላወቁትም አብረው እልል አሉ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያበራውን ቁጠሪው ብዬሽ ነበር፣ ስላልሰማሽኝ እግዜር ይስጥሽ አላት። ያን ቀን ባሏ ከነግራሶው ቤት ገብቶ አቀፋት፤ ዝም አለችው።

ክረምቱም ሳይቆይ መጣ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት ከምንጩ የተቀዳው ውሃ ላብራቶሪ ደረሰ። ተጣራ፣ እጣቢው ተጨመረ፣ ተሽከረከረ፣ ቀለም ያዘ። ጋሼ ንስር ጨለማው ክፍል ገብተው ብዙ አልቆዩም። ነይ እይ አሏት። ገብታ አየች። እነዚያው ናቸው፤ በዚያ ክረምት ያየቻቸው፣ ልጇን አልጋ ላይ የጣሏት፣ አረንጓዴ እያበሩ።

አሁን አልሮጠችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አነሳችና ኃላፊውን ጠራች።

«ምንጩ ላይ ጃርዲያ አለ» አለችው። «ዝጉት።»

ኃላፊው እርግጠኛ ነሽ ወይ አላላትም። ወደ ዋናው ከተማ እንላከው አላላትም።

«ይዘጋል» አላት።

እሷ ስልኩን እንዳስቀመጠች የምንጩን መዝጊያ ቫልቭ የሚጠብቀው ሠራተኛ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ወደ ኮረብታው ሲበር በመስኮቱ አየችው። ከቀትር በፊት ምንጩ ተዘጋ። የጉድጓድ ውሃ የጫኑ ቦቴዎች በየሰፈሩ ቆሙ፤ ድምጽ ማጉያ የያዘ መኪና ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ እያለ መንገድ ለመንገድ ዞረ። ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ በዚህኛው ክረምት የተቀመጠ ሰው ቢኖር ጉንፋን የያዘው ነው።

ወደ ማታ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ማጉረምረም ጀመረች። ኳስ ተጫውተው ሲጨርሱ ቧንቧው ደርቆ ጠበቃቸው፤ ተማሪው ሁሉ ሲንጫጫ ነው የዋለው፤ ዘበኛውን ሲጠይቁት ውሃ መሥሪያ ቤት ያለች አንዲት ሴትዮ ናት ያዘጋችው አላቸው።

«ምን ዓይነት ሴትዮ ናት?» አለች ልጅቷ። «ምን አድርገናት ነው?»

አባትየው ሳቁን ሊውጥ ቢሞክር አቃተውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ፏ ልጇን አየቻት። ጉንጯ ሞልቷል፣ ላቧ ግንባሯ ላይ ያብረቀርቃል፣ በንዴት ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ የታመመ ልጅ እንዲህ ወገቡን ይዞ አይቆምም።

«እኔ ነኝ ያዘጋሁት» አለቻት።

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። እናቷንም አባቷንም አፈራርቃ አየች፤ እየቀለዱባት እንዳልሆነ ስታውቅ ንዴቷ ወዴት እንደሄደ ጠፋት።

«የከተማውን ሁሉ? አንቺ ብቻሽን?»

«ከጋሼ ንስር ጋር።»

«ታዲያ መቼ ነው የምትከፍቺው?»

«ንጹሕ ሲሆን» አለቻት እናቷ። «ከዚያ በፊት ማንም አይከፍተውም።»